የእናንተ «ቅርብ» ስንት ቀን ነው?

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናቴ የቆቦ ሰው ናት፤ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እኔ ዘንድ ነው ያለችው። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ወንድምዓለም የምለው ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ከገባ 16 ዓመቱ ነው፤ የመድኃኒቷን ብር የሚልከው እሱ ነው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ እዚሁ የመንግሥት ሹም ነው። ወንድሜ ስለ አሁኑ የመንግሥትና የፋኖ ጦርነት ሲያወራ “እስከ መጨረሻው ነው፤ አሁን ተኩስ ይቁም የሚል ትግሉን የሸጠ ነው” ይላል። የባለቤቴ ወንድም ቤታችን ምሳ ላይ ተቀምጦ “ከታጣቂ ጋር ምን ድርድር አለ? ጥቂት ነው የቀረው” ይላል። ባለፈው ወር መንገድ ተዘግቶ ኢንሱሊን ጠፋብን። ሲጨንቀኝ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ “ሁላችሁም ይብቃችሁ፣ ተኩሱ ይቁም” ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ “ባንዳ” አለኝ። የባለቤቴ ወንድም “ማን ነው የሚያስጽፍሽ?” አለኝ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከወንድሜ ጋር በስልክ ባወራች ቁጥር ታለቅሳለች። የሚልከውን ብር ልመልስለት? ዝም ማለቴስ ፈሪነት ነው? ወይስ እኔ የማላውቀው፣ እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ? ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን በማሰሮ ነው የማቆየው። ይበላሽ ይሆን?»

መልሱ

እህቴ፣ ከማሰሮው በፊት ስለ ሁለቱ ወንድሞች እናውራ። ማሰሮውን አልረሳሁትም፤ እመለስበታለሁ።

ወንድምሽና የባለቤትሽ ወንድም አንድ ገበታ ቢቀርቡ የማይጎራረሱ ሰዎች ናቸው። አንዱ «አገዛዙ» ይላል፣ ሌላው «ጽንፈኛው» ይላል። ተኩሱ እንዳይቆም ግን ሁለቱም ተስማምተዋል። ምክንያታቸው ሳይቀር አንድ ነው፤ ጥቂት ቀረን። ሁለት ተፋላሚ ሁለቱም «ጥቂት ቀረኝ» ካለ ቢያንስ አንደኛው ተሳስቷል። ይህን ለማወቅ የጦር አዛዥ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ «እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ ወይ?» ላልሽው፣ ይህችን ነገር እንኳ አለማወቃቸውን በገዛ ምሳ ገበታሽ ላይ አይተሻል።

ልፈርድባቸው ግን አልደፍርም። እኔም ብያለሁና።

ጥቅምት 2014 ላይ አዲስ አበባ ነበርኩ። አክስቴ ደሴ ናት። ወልድያ በነሐሴ በሕወሓት ከተያዘ ወዲህ ቤቷ በተፈናቃይ ዘመድና በዘመድ ዘመድ ተሞልቷል፤ ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ፣ በጠቅላላው 11 ነፍስ። ጥቅምት 18 ደወልኩላት። «አይዞሽ፣ በቅርቡ ይመታሉ። እነዚህ ፈረንጆች ድርድር ምናምን የሚሉትን አትስሚ፤ አሁን ማቆም ማለት…» እያልኩ ስቀጥል አቋረጠችኝ። «አንተ ልጅ፣ የእናንተ ቅርብ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ። እንደ ቀልድ ወስጄው ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጥቅምት 20 ደሴ ተያዘች፣ ስልክ ጠፋ። ከተማዋ የተለቀቀችው ኅዳር 27 ነው። ቁጠሪው፤ 37 ቀን። የእኔ ቅርብ 37 ቀን ሆኖ ተገኘ።

በኋላ ስሄድ አንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አሳየችኝ። ዱቄት የምትሰፍርበት ነው። መጀመሪያ በቀን ሦስት ጣሳ ነበር፣ ከዚያ ሁለት። መጨረሻ ላይ አንድ ከግማሽ። ግማሹ እንዳይዛነፍባት ጣሳውን ከውስጥ በምስማር ጭራዋለች፤ ጭረቱ አሁንም አለ። ቂጣውን የምትጋግረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሽታው ወታደር እንዳይጠራባት። ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤት እንደ እናትሽ ስኳር የነበረባቸው አዛውንት ነበሩ። ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ፋርማሲ ተዘርፏል። ከተማዋ ሳትለቀቅ ሞቱ። በጥይት ስላልሞቱ በማንም መግለጫ ውስጥ አልተቆጠሩም።

አሁን የምለው አንዳንዱን አንባቢ ያስቆጣል። ይቆጣ። በእነዚያው ወራት መቀሌ የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን አለቀብን እያሉ ይጮኹ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ባንኩ፣ መብራቱ፣ ስልኩ ተቋርጦ ነው። እኔ ያኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «የራሳቸው ጥፋት ነው» ብያለሁ። የአክስቴ ጎረቤትና የመቀሌው በሽተኛ ያጡት ያንኑ ጠርሙስ ነው። ይህን ያወቅኩት ከቀብር በኋላ ስለሆነ አልኮራበትም።

ወደ «እምቢ ተኩስ አይቁም» ታሪክ ልምጣ፤ ወንድምሽ ፖለቲካ ይወዳልና በፖለቲካው በኩል ልትሄጂበት ትችያለሽ። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24, 2013 ተጀመረ። ሰኔ 21, 2013 መንግሥት ከመቀሌ ሲወጣ የተናጠል ተኩስ አቁም አወጀ፤ ገበሬው የክረምቱን እርሻ ይሥራበት ተብሎ ነው። ያኔ የቀናው ሕወሓት ነበርና ቀልድ ነው ብሎ አጣጣለው፤ ገፍቶም ወደ ራያና ወደ ወልድያ መጣ። ታኅሣሥ 2014 ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ሕወሓት ወደ ትግራይ ተመልሶ ጦርነቱ ይቁም ብሎ ለተባበሩት መንግሥታት ጻፈ፤ አሁን የማይቸኩለው ሌላኛው ወገን ሆነ። መጋቢት 15, 2014 ለእርዳታ ሲባል ተኩስ ቆመ። ነሐሴ 18 እዚያው የእናትሽ አገር ቆቦ አጠገብ ፈረሰ፤ አንተ ጀመርክ፣ አንተ ጀመርክ ተባባሉ። በቀናት ውስጥ ቆቦ እንደገና ተያዘች። ከዚያ ጥቅምት 23, 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በመንግሥት በኩል አቶ ሬድዋን ሁሴን፣ በሕወሓት በኩል አቶ ጌታቸው ረዳ ፈርመው ተጨባበጡ። እጅ ለመጨባበጥ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ከንግግሩ እስከ ፊርማው ግን አሥር ቀን አልሞላም።

እምቢ ባዩ እየተቀያየረ መምጣቱን አየሽ? የቀናው እምቢ ይላል፣ የጨነቀው ስለ ሰላም ይሰብካል፤ ቀኑ ሲገለበጥ ቃላቸውን ተለዋውጠው ይናገራሉ። ቆቦ ግን ከማንም ጋር ቦታ አልተለዋወጠችም።

ይህ ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1977 ኮረም ሜዳ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ በአማፂያን ይዞታ ላለው ሕዝብ የእህል መኪና በሰላም ይለፍ ቢባል ደርግ አልሰማም አለ፤ ለዚያ ወገን እህል በሌሊት በሱዳን በኩል ዞሮ ይገባ ነበር። ያኔም ምክንያቱ «ጠላት ይጠናከራል» ነበር።

ቢሆንም ወንድምሽን እንደ ቂል አትቁጠሪው። ሰውዬው የሚፈራው ነገር አለ፣ ፍርሃቱም ከሜዳ የተገኘ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ 2014 በነበሩት አምስት ወራት ሁለቱም ወገን ሠራዊቱን አደራጅቷል። የፕሪቶሪያው ጠረጴዛ ላይም በመሃል የተወጋው የወሎ ሰው የራሱ ወንበር አልነበረውም፤ የራያ ጉዳይም በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ተብሎ አደረ። ከፊርማው ዘጠኝ ወር በኋላ ሐምሌ 28, 2015 በክልላችን በአማራ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አንቺ አሁን መድኃኒት የምታጪበት ጦርነት ማለት ነው። ወንድምሽ «ተኩስ አቁም አይተናል» ቢል እውነቱን ነው።

ግን ሁሉንም አላየም። በእነዚያ አምስት ወራት የቆቦ ሰው ቤቱ ተመልሶ በሬ ጠምዷል፣ ማሽላ ዘርቷል። ወደ ትግራይም በአፋር በኩል የእህል መኪና ገብቷል። ጦሩም ተደራጅቷል። ሦስቱም ሆነዋል፣ እሱ የሚቆጥረው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ከሜሪላንድ ይሁን ከዴንቨር፣ ማሽላ አይታይም። ከዚያ የምናገኘው ጥያቄ «ታዲያ በምን ውል ይቁም?» የሚለው ነው፦ ማን ይታዘብ፣ የትኛው መንገድ በስንት ቀን ይከፈት፣ ጠረጴዛው ላይ ከእኛ ማን ይቀመጥ፣ ያፈረሰ ምን ይሁን። እሱ ይህን ቢጠይቅ እኔም አብሬው እጮሃለሁ።

አንድ ሌላ ነገር እጠረጥራለሁ። ጳጉሜን 4, 2013 ቆቦ ላይ ሰው ከየቤቱና ከየመንገዱ እየተያዘ ተገድሏል። በዚያ ቀን የማን ሬሳ እንደተነሳላችሁ አልጻፍሽልኝም፤ የቆቦ ሰው ሆኖ ያልቀበረ ግን ጥቂት ነው። «ተኩስ ይቁም» ስትዪው ወንድምሽ የሚሰማው «ይቅር በል» የሚል ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነው እንዲያ የሚነደው።

እዚህ ላይ እናትሽ ከሁላችንም የተሻለ ታውቃለች። የቆቦ ሰው ናትና ዘወልድን አይታለች፤ እኛ በቃሉ ወረዳ በኩል አበጋር የምንለው የደም ሽምግልና ነው። እኔ በልጅነቴ አጎቴን ተከትዬ አንድ የደም ሽምግልና ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ መጥተው ቆሙ፤ ግቡ ሳይባሉ ብዙ ቆዩ። ሲገቡ የለመኑት ይቅርታን አልነበረም። የለመኑት እጅ እንዲሰበሰብ ነው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ማንም ከማንም ላይ እንዳይደርስ፣ የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ዓይን እንዲርቅ። የሟች እናት ከጓዳ ታለቅሳለች። ማንም ሄዶ «ይቅር በይ» አላላትም፤ ቢላት ነውር ነበር። ማን ገደለ፣ ለምን ገደለ፣ ካሳው ስንት፣ መሐላው በማን ፊት የሚለው ሁሉ የመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ እጅ ከተሰበሰበ በኋላ። ደም እየፈሰሰ ደም አይደርቅምና። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፤ ካንቺ ከከበደ እናትሽ ትንገረው። ማንም ይቅርታውን እየለመነው አይደለም። ቁጭቱን ይያዝ።

አሁን ወደ ቤትሽ እንግባ።

ብሩን አትመልሺ። ብሩ የሚመጣው ከልጅ ወደ እናት ነው፤ አንቺ መንገዱ ነሽ እንጂ ተቀባዩ አይደለሽም። ብትመልሺ የምትቀጪው እሱን አይደለም፣ የእናትሽን ክንድ ነው። እሱም ቢሆን በንዴት ያለውን ሁሉ ብሎ ብሩን አላቋረጠም አይደል? ይህን ቁጠሪለት።

«ባንዳ» የሚለውን ግን አታሳልፊው። ብቻውን ደውዪለት፣ ከሥራ ወጥቶ እህል በቀመሰበት ሰዓት። «ወንድምዓለም» ብለሽ ጀምሪ፤ ያን ስም አትንፈጊው። ከዚያ በቀስታ፦ ባንዳ ከጣሊያን ጋር ሆኖ የገዛ አገሩን የወጋ ሰው ስም ነው፤ ለእናቴ መርፌ ፍለጋ የወጣሁትን እኔን እንዲህ ስትለኝ ዳግመኛ እንዳልሰማህ፣ በዪው። ክርክር አትጨምሪበት። ይቅርታ ባይጠይቅም ግድ የለም፤ ቃሉን ብቻ ያንሳ።

ከዚያ በሌላ ቀን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፤ የአክስቴን። «እስከ መጨረሻው» ሲል ስንት ቀን ነው? ቁጥር ይስጥሽ። «ኢንሱሊን የሦስት ሳምንት አለን፤ ያንተስ ስንት ነው?» ቁጥር ከሰጠሽ ቀኑን ጽፈሽ ያዢው። ካልሰጠሽ ዝም በዪ፣ ጥያቄው ከእሱ ጋር ይደር። እናትሽን ግን ስልኩ ላይ ምስክር አድርገሽ አታቁሚያት። እሷ ከልጇ ጋር ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ቆቦ፣ ስለ ማሽላ እሸት ታውራ። ያ ስልክ የእሷ ነው።

የባለቤትሽ ወንድም ነገር ሌላ ነው። «ማን ነው የሚያስጽፍሽ?» ማለት ጥያቄ አይደለም። ምናልባት ሲናገረው አላሰበውም፤ ምናልባትም እሱ ራሱ የሚፈራው አለቃ አለ። ቢሆንም አንቺ ደሴ ነሽ እንጂ ዴንቨር አይደለሽም። ቴሌግራም ላይ የጻፍሽውን አጥፊው፣ ሁለተኛም አትጻፊ። የተጻፈ ነገር ፎቶ ይነሳል፣ ስልክ በየኬላው በዚህም በዚያም ወገን ይፈተሻል። ዝም ማለቴ ፈሪነት ነው ወይ ላልሽው፣ ሁለት ልጅና አንዲት የታመመች እናት ያላት ሴት አፏን መያዟ ፈሪነት አይባልም። ድፍረት የሚያስከፍለው አንቺን ነው፤ ደሞዙ የማይቋረጠው ሰው ስለ ድፍረት እንዲያስተምርሽ አትፍቀጂ። እኔን ጨምሮ።

ከእሱ ጋር አትከራከሪ፤ ሥራ ስጪው። ሹም አይደል? መንገድ ሲዘጋ የመድኃኒት መኪና በምን በኩል ማለፍ ይችላል፣ ለማን ነው የሚነገረው፣ ለስኳር በሽተኞች የሁለት ወር መድኃኒት ቀድሞ ቢሰጥስ ብለሽ ጠይቂው። ስለ ድል ሲያወራ የሚያምርበት ሰው አንድ ካርቶን መድኃኒት አሳልፎ ቢያመጣ ራሱም ይደነቃል። ካላመጣም አወቅሽው።

ይልቅ አንድ ነገር ገርሞኛል። በደብዳቤሽ ውስጥ ወንድምሽ ይናገራል፣ የባለቤትሽ ወንድም ይናገራል፣ እናትሽ ታለቅሳለች። ባለቤትሽ አንድ ቃል የለውም። ገበታው የእሱ ነው፣ «ማን ነው የሚያስጽፍሽ?» የተባለችው ሚስቱ ናት፣ ያለው ደግሞ ወንድሙ ነው። ይህን መልስ ለማንም ሳታሳዪ ለእሱ አሳዪው። ወንድሙን ደጅ አውጥቶ «ቤቴ ውስጥ ሚስቴን እንዲህ አትጠይቃትም» ማለት የአንቺ ሥራ አይደለም፣ የእሱ ነው። ይህን ካደረገ ያስቸገረሽ ነገር ግማሹ ተቃለለ።

ወደ ማሰሮው። አንድ የማውቀው ፋርማሲስት ጠይቄ ነው የምነግርሽ፤ አንቺም የራሳችሁን ጠይቂ፣ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ያልተከፈተው ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ተከፍቶ የምትጠቀሚበት ግን ሙቀት ካላገኘው አራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። ደሴ ደጋ ናት፤ በጦሳ ተራራ ነፋስ ማሰሮው ራሱ ላያስፈልግሽ ይችላል፣ ፀሐይና እሳት ብቻ አይድረሱበት። በረዶ ከሆነ ደግሞ ይበላሻል፤ መብራት ሲመጣ ፍሪዘሩ ውስጥ እንዳትከቺው። ከፍሪጅ የወጣበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፊ። ጥርት ያለ መሆን ያለበት ደፍርሶ ካየሽው፣ ወይም ወተት የሚመስለው ሲያገላብጡት ካልተዋሃደና ጓጎላ ከያዘ፣ አትውጊያት። ማሰሮ ውስጥ ስታኖሪው በፌስታል ጠቅልለሽ እንጂ ውሃው እንዳይነካው፤ ሁለት ማሰሮ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት የበለጠ ያቀዘቅዛል።

ደሴ ላይ ባትፈልጊውም ማሰሮውን አትጣዪው። ቆቦ ቆላ ነው፤ እናትሽ ቤቷ የገባች ቀን ያስፈልጋታል።